ሰልፉን ትተው በእግራቸው የሄዱትን ማን ይቁጠራቸው? (የምላሽ ጽሑፍ)

ስለ አዲስ አበባ ትራንስፖርት ሰሞኑን የወጣ አንድ ጽሑፍ ከአራት ወዳጆቼ ተላከልኝ። ሥራዬ የተሳፋሪ ቆጠራና የመስመር ዕቅድ ስለሆነ አራቱም የጠየቁኝ «ምን ትላለህ?» ብለው ነው። ላላነበባችሁት ባጭሩ ይህን ይላል፦ የተሳፋሪ ትንበያ ሞዴል፣ ማለትም ስንት ሰው ከየት ወዴት በምን እንደሚጓዝ አስቀድሞ የሚገምት የኮምፒውተር ስሌት፣ ለዚህች ከተማ ገንዘብ ማባከኛ ነው፤ ማስረጃ ከፈለጋችሁ ቀላል ባቡሩን ተመልከቱ፤ ሞዴሉ የሚመገበው መረጃ የለንም፤ መሣሪያዎቹ ለመኪና አገር የተሠሩ ናቸው፤ ሰው ወዴት እንደሚሄድ ከኮምፒውተር ይልቅ ባለታክሲውና ተራ አስከባሪው ያውቃሉ፤ ስለዚህ ለጥናት የሚወጣው ብር አውቶቡስ ይገዛበት። ከጽሑፉ ውስጥ በሰልፍ የተንገላታ ሰው ቁጭት ይነበባል። ቁጭቱ የእኔም ነው። መደምደሚያው ግን ያንኑ ሰልፈኛ የበለጠ ይጎዳዋል ብዬ አምናለሁ፤ የምጽፈውም ለዚህ ነው።

ከባቡሩ ልነሳ፤ የጽሑፉ ሙሉ ክብደት ያረፈው እሱ ላይ ነውና። ጸሐፊው ባቡሩ በሰዓት 60 ሺህ ሰው ያመላልሳል ተብሎ ነበር፣ ዛሬ ያለበትን ደግሞ ሁላችንም እናያለን፣ ስለዚህ ትንበያው ውድቅ ሆኗል ይላሉ። እዚህ ላይ ሁለት የማይገናኙ ነገሮች ተደባልቀዋል። በ2008 ዓ.ም. መስከረም ባቡሩ ሥራ ሲጀምር በየዜናው የሰማነው 60 ሺህ የማጓጓዝ አቅም ተብሎ የተነገረ ነው። አቅም ባቡሩ መሸከም የሚችለው ነው። ትንበያ ደግሞ ስንት ሰው፣ ከየት ተነስቶ፣ በስንት ሰዓት ሊሳፈር ይመጣል የሚለው ነው። አንድ አዳራሽ አንድ ሺህ ወንበር አለው ማለትና ለሠርጉ አንድ ሺህ ሰው ይመጣል ማለት ልዩነት አለው።

ያ ቁጥር በአቅምነቱም ቢሆን በወረቀትና በእርሳስ ሊፈተን ይችል ነበር። የተገዙት ባቡሮች 41 ናቸው። አንዱ ባቡር ቆሞም ተቀምጦም የሚይዘው ወደ 300 ሰው ነው። አንድም ሳይቀር ሁሉም መስመር ላይ ቢወጡ በአንድ ጊዜ የሚይዙት 12 ሺህ 300 ሰው ይሆናል። በሰዓት 60 ሺህ ለመድረስ እያንዳንዷ ቦታ በሰዓት ውስጥ አምስት ጊዜ ያህል ሰው መቀየር አለባት። ይህ ማለት ተሳፋሪው በአማካይ ከ12 ደቂቃ በላይ ባቡሩ ውስጥ አይቆይም፣ ባቡሩም ሲሄድም ሲመለስም ጢም ብሎ ነው የሚሞላው ማለት ነው። ጠዋት ከአያት ተነስቶ መሀል ከተማ የሚሠራ ሰው መጨናነቅ ባይኖር እንኳ ከዚያ በላይ ይቆያል፤ ከመሀል ወደ አያት የሚመለሰው ባቡር ደግሞ በዚያ ሰዓት ክፍት ቦታ አለው። ይህን ስሌት ለመሥራት ሞዴል አያስፈልግም። ያስፈለገው «እስቲ እንየው» የሚል ሰው ብቻ ነበር፤ እንዲህ ዓይነት ሰው ዕቅድ ክፍል ውስጥ ተቀጥሮ እንዲቀመጥ ነው እኔም የምከራከረው።

ቀጥሎ፣ የባቡሩ ተሳፋሪ የቀነሰው ለምንድን ነው? ፈላጊ አጥቶ አይደለም። መለዋወጫ እየጠፋ ብዙዎቹ ባቡሮች ስለቆሙ ነው። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ጣቢያ የቆመ ሁሉ ያውቀዋል፤ የመጣው ባቡር ሞልቶ ይደርስና በሩ ሳይከፈት ያልፋል፣ ወይም ተከፍቶ ሁለት ሰው ያስገባና ይዘጋል። ማንኛውም ደህና ሞዴል ውስጥ «ባቡሩ በየስንት ደቂቃው ይመጣል?» የሚል ጥያቄ አለ። በስድስት ደቂቃ ብላችሁ መልሳችሁ በሃያ ደቂቃ ካመጣችሁት፣ ውጤቱ ሲለይ ስህተቱ ከሞዴሉ ሳይሆን ከመልሱ ነው። እንዲያውም በእውነተኛው ደቂቃ ሞዴሉን እንደገና ብታስኬዱት አንድ ባቡር በመቆሙ በቀን ስንት ሰው እንደምናጣ ይነግራችኋል፤ መለዋወጫው የሚያወጣውን ብር ከዚያ ጋር ማስተያየት ይቻላል። ጸሐፊው ይህን ቢያነሱ ኖሮ ጽሑፋቸው ለባቡሩ መዳኛ ይሆን ነበር።

የባቡር ትንበያዎች በመላው ዓለም ከመጠን በላይ እንደሚጋነኑ መጥቀሳቸው ግን ትክክል ነው፤ አልሸሸውም። የዴንማርኩ ተመራማሪ ቤንት ፍሊውቢዬርግ ከባልደረቦቹ ጋር በ2005 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጥናት በ14 አገሮች 210 ፕሮጀክቶችን መርምሯል። ከነሱ 27ቱ የባቡር ነበሩ። ከአሥር የባቡር ትንበያ ዘጠኙ ተጋኖ ተገኝቷል፤ ግነቱም በአማካይ 106 በመቶ ነው። አስደንጋጭ ነው። ነገር ግን ጥናቱ የተገኘው እንዴት ነው? ትንበያውን ከትክክለኛው ቁጥር ጎን ያስቀመጠ ሰው ስለተገኘ ነው። ለግነቱ ከተሰጡት ዋና ዋና ምክንያቶች መካከልም የፖለቲካ ፍላጎትና ፕሮጀክቱን ለማስጸደቅ ቁጥር ማሳበጥ ይገኙበታል። ቁጥሩን ያበጠው ሰው እያለ ካልኩሌተሩን መስበር አይረዳንም።

ተቃራኒው ምሳሌም አለ፤ ጸሐፊው አልነኩትም። በሳን ፍራንሲስኮ አካባቢ ባርት የተባለው የከተማ ባቡር በ1972 እ.ኤ.አ. ከመከፈቱ በፊት ይፋዊው ትንበያ ወደ ሥራ ከሚደረገው ጉዞ 15 በመቶውን ይወስዳል ይል ነበር። በዚያው ጊዜ ዳንኤል ማክፋደን የተባለ የምጣኔ ሀብት ሊቅ ሰዎች የጉዞ ጊዜን፣ ዋጋንና መጠበቅን እንዴት እንደሚያመዛዝኑ ጠይቆ በራሱ መንገድ አሰላና 6.3 በመቶ ነው አለ። ባቡሩ ከተከፈተ በኋላ ሲቆጠር 6.2 በመቶ ሆነ። ማክፋደን በ2000 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ካገኘባቸው ሥራዎች ውስጥ ይህ የምርጫ ትንተና ይገኝበታል። በአንድ ከተማ፣ በአንድ ባቡር ላይ፣ አንዱ ቁጥር ከእጥፍ በላይ ሳተ፣ ሌላው መታ። ልዩነቱ አንደኛው ተጓዡን ጠይቆ መሥራቱ ነው።

ጸሐፊው ሁለተኛ የሚያነሱት የመረጃ እጦትን ነው። የመጨረሻው የሕዝብና ቤቶች ቆጠራ በ1999 ዓ.ም. የተደረገ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ከተማዋ ሌላ ከተማ ሆናለች ይላሉ። እውነት ነው። በ1999 የካ አባዶና ቦሌ አራብሳ የዛሬዎቹ የኮንዶሚኒየም ሰፈሮች አልነበሩም። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በኮሪደር ልማቱ ምክንያት ከፒያሳና ከካዛንቺስ ተነስቶ ዳር ከተማ የገባ ሰው፣ ሥራው መሀል ከተማ ቀርቶ ቤቱ ብቻ ተዛውሯል። ትናንት በእግሩ ሥራ ይደርስ የነበረ ሰው ዛሬ ሁለት ታክሲ ይይዛል። በአሮጌ ቆጠራ ላይ የቆመ ሞዴል ይህን ሰው እስካሁን ፒያሳ ነው የሚያስቀምጠው።

ከዚህ ተነስቶ «ስለዚህ አንሞክረው» ማለት ግን ሚዛን ጠፋ ተብሎ በግምት እንደ መሸጥ ነው። ቆጠራ እስኪመጣ ድረስ ከሚታየው መነሳት ይቻላል። የአሜሪካ ፌዴራል የሕዝብ ትራንስፖርት አስተዳደር በ2013 እ.ኤ.አ. ስቶፕስ የተባለ ቀለል ያለ መሣሪያ ያወጣው እያንዳንዱ ከተማ ለየብቻው ከባድ ሞዴል ሲገነባ ጊዜና ገንዘብ ስለበላ ነው። መሣሪያው የሕዝብ ቆጠራ ይወስዳል፣ የመስመርና የሰዓት መረጃ ይወስዳል፣ ከዚያ ዛሬ በየጣቢያው በሚቆጠረው ሰው ራሱን ያርማል። እኛ የመጀመሪያው አርጅቶብናል፤ ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ግን በእጃችን ማድረግ እንችላለን።

ሁለተኛው፣ የመስመር መረጃው፣ ጂቲኤፍኤስ በሚባል ክፍት አጻጻፍ የሚቀመጥ ነው። በ2005 እ.ኤ.አ. የፖርትላንድ ከተማ የትራንስፖርት ድርጅትና ጉግል አብረው የጀመሩት ሲሆን የትኛው መስመር በየት በየት እንደሚያልፍ፣ የት እንደሚቆምና በስንት ሰዓት እንደሚደርስ በተራ የጽሑፍ ሠንጠረዥ ይመዘግባል። ናይሮቢ የጊዜ ሰሌዳ የሌላቸውን ማታቱዎቿን በዚህ መንገድ መዝግባለች፤ ተማሪዎች ስልክ ይዘው ተሳፈሩ፣ መስመሩን ቀዱ፣ በ2014 እ.ኤ.አ. ካርታው ታተመ። በእኛም ከተማ ተመሳሳይ ሥራ ተጀምሮ ነበር። ትልቁ ችግር የተጀመረውን በየጊዜው ማደስ ነው፤ መንገድ በተቆፈረና ፌርማታ በተነሳ ቁጥር ካርታው ያረጃል። ሁለት ወጣቶች በቋሚነት ተቀጥረው ቢያድሱት በቂ ነበር።

ከዚህ ሌላ የስልክ መረጃ አለ። የግለሰብ ስምና ቁጥር ሳይወጣ፣ ከየትኛው የስልክ ማማ አካባቢ ወደየትኛው ሰው በብዛት እንደሚንቀሳቀስ በሰዓት ተለይቶ ሊታይ ይችላል። በ2013 እ.ኤ.አ. የአይቢኤም ተመራማሪዎች በአቢጃን ከተማ ይህን ሞክረው የአውቶቡስ መስመሮቹን በማስተካከል ብቻ የጉዞ ጊዜን በ10 በመቶ ያህል መቀነስ እንደሚቻል አሳይተዋል። አዲስ አበባ ውስጥ ስልክ የሌለው ሠራተኛ ጥቂት ነው። ይህ መረጃ ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ ማን ያየዋል፣ ምን ያህል ይደመራል የሚለው በሕግ መታሰር አለበት። ጸሐፊው መረጃ የለም ሲሉ ግን ያልተሰበሰበውንና ያለውን ግን ያልተጠየቀውን አልለዩም።

ሦስተኛው ነጥብ፣ መሣሪያዎቹ ለመኪና አገር ተሠርተዋል የሚለው፣ ከጽሑፉ ሁሉ የተሻለው ነው። ሰፋ አድርጌ ልመልሰው እፈልጋለሁ፤ የምወደው ሥራ እዚህ ውስጥ ነው ያለው።

እስከ ዛሬ በብዛት የሚሠራበት ባለ አራት ደረጃ ሞዴል በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. በዲትሮይትና በቺካጎ አውራ ጎዳና ለማቀድ የተፈጠረ ነው። ከየሰፈሩ ስንት ጉዞ ይነሳል? ወዴት ይሄዳል? በምን ይሄዳል? በየትኛው መንገድ ያልፋል? ጥያቄዎቹ ለማንም ከተማ ይሆናሉ። የተሸመነባቸው ግምት ግን የእኛን ኑሮ አያውቀውም። ከአዲስ አበባ ዕለታዊ ጉዞ ከግማሽ በላዩ በእግር ነው፤ በመኪና ዙሪያ የተሰፋ ሞዴል ደግሞ እግረኛን ከመጀመሪያው ገጽ ያወጣዋል።

መጠበቅን እንውሰድ። ሞዴሎች በአብዛኛው ሰው የሚጠብቀው የሁለት አውቶቡስን ልዩነት ግማሽ ነው ይላሉ። አውቶቡስ በየ15 ደቂቃው ከመጣ አማካይ ጥበቃ ሰባት ደቂቃ ተኩል ነው። ይህ የሚሠራው በእውነት በየ15 ደቂቃው ከመጣ ነው። አሁን በሰዓት አራቱም አውቶቡሶች መጡ እንበል፤ ግን አንዱ በ5 ደቂቃ፣ ቀጣዩ በ25 ደቂቃ፣ እንደገና በ5፣ እንደገና በ25። አውቶቡሱ አልቀነሰም፤ የስምሪት ሪፖርቱም አራት ምልልስ ይላል። የሰውዬው አማካይ ጥበቃ ግን ወደ 11 ደቂቃ ይወጣል። ለምን ብትሉ፣ በ25 ደቂቃው ክፍተት ውስጥ የሚመጣው ሰው በ5 ደቂቃው ከሚመጣው አምስት እጥፍ ነው፤ ብዙ ሰው የሚገባው ረጅሙ ጥበቃ ውስጥ ነው። ሁለት ሁለት ሆነው ተከታትለው በየግማሽ ሰዓቱ ቢመጡ ደግሞ ጥበቃው 15 ደቂቃ ይሆናል፤ እጥፍ። አንድ አውቶቡስ ሳይገዛ ይህን እጥፍ መመለስ ይቻላል። ግን ሞዴሉ «በሰዓት አራት» የሚለውን ብቻ ካየ ችግሩ መኖሩን እንኳ አያውቅም።

ሚኒባስ ታክሲ ደግሞ በሰዓት አይነሳም፤ ሲሞላ ነው የሚነሳው። ረፋድ ላይ መኪናው ሰው ይጠብቃል፣ ማታ ሰው መኪና ይጠብቃል። መሀል መንገድ ላይ የቆመ ሰው ፊት ታክሲው በየሁለት ደቂቃው ያልፋል፤ ሁሉም ሙሉ ነው። ለዚህ ሰው የሚያስፈልገው ቁጥር «ታክሲ በየስንት ደቂቃው ያልፋል?» የሚለው ሳይሆን «ባዶ ወንበር ያለው በየስንት ደቂቃው ያልፋል?» የሚለው ነው። ብዙ ሰው ምን እንደሚያደርግ ታውቃላችሁ፤ መነሻው ድረስ ወደ ኋላ ተሳፍሮ ይሄዳል፣ እዚያ ወንበር ይይዛል፣ የመጣበትን መንገድ ይመለሳል። ሁለት ጊዜ ይከፍላል። ከውጭ የመጣ መሣሪያ ይህን ሰው ሲያይ ወደ ተቃራኒ አቅጣጫ ጉዳይ ያለው ይመስለዋል።

ማቆራረጡም አለ። ታፔላው ከመገናኛ ፒያሳ ይላል፣ ማታ ግን ረዳቱ «አራት ኪሎ! አራት ኪሎ!» ብሎ ይጠራል። ፒያሳ የሚሄደው ሰው አራት ኪሎ ይወርድና ሌላ ይይዛል። የሚሳፈረውን ብቻ ለሚቆጥር ሰው ትናንት አንድ የነበረው ተሳፋሪ ዛሬ ሁለት ሆኗል። ሪፖርቱ ላይ የተሳፋሪ ቁጥር አደገ ተብሎ ይጻፋል። የሆነው ግን አገልግሎቱ መቀነሱ ነው፤ ሰውየው በአንድ ጉዞ ሁለት ጊዜ ተሰልፎ ሁለት ጊዜ ከፍሏል። ስለዚህ ተሳፍሮ የሚወርደውንና ከቤት እስከ ሥራ ያለውን ሙሉ ጉዞ ለይቶ መቁጠር ግድ ነው፤ መንገዱም ቀላል ነው፣ ከወራጁ አንዱን «ከየት ተነሳህ? የመጨረሻ መድረሻህ የት ነው?» ብሎ መጠየቅ።

ምርጫን በተመለከተ ባጭሩ፦ ሞዴሉ ሚኒባስን፣ ሃይገርንና የከተማ አውቶቡስን ሦስት የተለያዩ አማራጮች አድርጎ ከቆጠረ የሕዝብ ትራንስፖርት ድርሻ ያለ አግባብ ያብጣል። ሰልፈኛው ቀድሞ የመጣውን ነው የሚይዘው፤ ሦስቱ ለእሱ እንደ አንድ ናቸው። ይህ በሞያው የታወቀ ችግር ነው፣ መፍትሔውም የታወቀ ነው። የዋጋ ነገርም እንዲሁ። በአሜሪካ ለረጅም ዘመን ሲሠራበት የኖረ ደንብ አለ፤ ታሪፍ በ10 በመቶ ሲጨምር ተሳፋሪ በ3 በመቶ ይቀንሳል ይላል። እዚያ ተሳፋሪው የተወው መኪና ቤቱ ቆሞለታል። እዚህ አማራጩ እግር ነው። ከደመወዙ ላይ ለትራንስፖርት የሚያወጣው ብር ከምሳው ጋር የሚሻማበትን ሰው ቁጥር ከዚያ አገር ልንበደር አንችልም፤ እዚሁ ለክተን ማግኘት አለብን።

ጸሐፊው ይህን የመሰለውን ሁሉ ደርድረው «ስለዚህ አይሆንም» ብለው ዘግተውታል። እኔ ይህን ዝርዝር የማየው እንደ ሥራ ዝርዝር ነው። እያንዳንዱ ሊጻፍና ሊለካ የሚችል ነው፣ የሚሠሩት ልጆችም እዚሁ ዩኒቨርሲቲዎቻችን ውስጥ አሉ።

አራተኛው፣ ባለታክሲውና ተራ አስከባሪው ከኮምፒውተር የበለጠ ያውቃሉ የሚለው ነው። ከዓመታት በፊት ለአንድ ጥናት መገናኛ ላይ ቆጣሪ ሆኜ ሠርቻለሁ። የተሰጠን ቅጽ ላይ የመኪና ዓይነት፣ የሰሌዳ ቁጥር፣ የተሳፈረ ሰው ብዛትና ሰዓት የሚሉ ዓምዶች ነበሩ። አጠገቤ የነበረ ተራ አስከባሪ ጠርዟ የተበላ ደብተር ይዟል፤ እያንዳንዱ ታክሲ ስንት ጊዜ እንደተመላለሰ በጭረት ይመዘግባል። በሦስተኛው ቀን ደብተሩን ከቅጼ ጋር አስተያየነው። የእሱ ከእኔ የተሻለ ነበር፤ እኔ ውኃ ልጠጣ ዞር ስል ያመለጡኝን እሱ ይዟቸዋል። ለእውቀቱ ያለኝ ክብር ከዚያ ቀን ጀምሮ ነው፤ ማንኛውም ሞዴል ሲሠራ እነዚህ ሰዎች ወንበር ተሰጥቷቸው ሊጠየቁ ይገባል እላለሁ።

በዚያው ቀን ማታ ግን አንዲት እናት ዘንቢል ይዘው ሰልፉ መሀል ቆመዋል። ሰልፉ አይንቀሳቀስም። ወደ እኔ ጠጋ አሉና «ልጄ፣ ምንድን ነው የምትጽፈው?» አሉኝ።

«የተሳፈረውን ሰው ነው የምቆጥረው፣ እማማ።»

«እኔንስ ጽፈኸኛል?»

«ሲሳፈሩ እጽፍዎታለሁ።»

እሳቸውም ትንሽ ቆሙ፣ ዘንቢሉን ወደ ሌላው እጃቸው አዞሩ፣ ከዚያ ሰልፉን ትተው ወደ ሃያ ሁለት አቅጣጫ በእግራቸው ወረዱ። ቅጹን ከላይ እስከ ታች ባየው እሳቸውን የምጽፍበት ቦታ የለውም። የተራ አስከባሪው ደብተር ላይም የለም። ለሁለታችንም እኚያ ሴት በዚያ ምሽት አልተጓዙም።

ባለታክሲው የሚያውቀው ፊቱ የቆመውን ሰው ነው። ተስፋ ቆርጦ በእግሩ የሄደውን፣ ማታ መመለሻ አጣለሁ ብሎ ሥራውን የተወውን፣ ልጁን ሩቅ ትምህርት ቤት ማስገባት የፈራውን አያውቅም፤ ሊያውቅም አይገደድም። እሱ የሚሄደው ወንበሩ ወደሚሞላበት ነው፣ በዚያም ልንወቅሰው አይገባም፤ የነዳጅና የዕለት ገቢ አለበት። ከምሽቱ 2 ሰዓት በኋላ ቦሌ አራብሳ መሄድ የሚፈልግ ሰው ጥቂት ከሆነ ታክሲ አይሄድም፤ ታክሲ ስለማይሄድ ሰው ከ2 ሰዓት በፊት ቤቱ ለመግባት ይጣደፋል፤ ስለሚጣደፍ ከ2 ሰዓት በኋላ ፈላጊ የለም ይባላል። ይህን ክብ ከውስጡ ሆኖ የሚሰብር የለም። ከውጭ ሆኖ «አገልግሎት ቢኖር ስንት ሰው ይመጣል?» ብሎ መጠየቅና ማስላት የሚችል አካል ነው የሚሰብረው። ሞዴል የሚባለው ይኸው ጥያቄ ነው።

ከዚያ ጥናት በኋላ በተሳተፍኩባቸው ቆጠራዎች ሁሉ ቅጹ ላይ አንድ ዓምድ እንዲጨመር እለምናለሁ፤ «ትቶ የሄደ» የሚል። በየ15 ደቂቃው የሰልፉን ርዝመትም መጻፍ ነው። ቆጣሪውን ያደክማል፣ ፍጹምም አይደለም፤ አንዳንዱ ሰልፍ የሚተወው ጓደኛው መኪና ይዞ ስለመጣ ነው። ቢሆንም ባዶ በነበረው ቦታ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ቁጥር ይገባል።

አምስተኛውን በአጭሩ ላንሳ፤ ለጥናት የሚወጣው ብር አውቶቡስ ይገዛበት ለሚለው። ይገዛ። ከዚያ የት ይመደብ? የገዛነው አውቶቡስ ጠዋት የትኛው ፌርማታ ላይ እንደሚቆም የሚወስን ሰው በእጁ የሆነ ግምት አለው፤ በወረቀት የተጻፈ ወይም በጭንቅላቱ ያለ። በጭንቅላቱ ያለው ግምት ስህተቱ አይታይም፣ ማንም አያርመውም፣ ሰውየው ሲቀየር አብሮት ይሄዳል። አውቶቡስ በገዛን ቁጥር ጥያቄው ይብስበታል እንጂ አይጠፋም።

በአንድ ነገር ጸሐፊው ሙሉ በሙሉ ትክክል ናቸው፤ ጽሑፋቸው ውስጥ በአንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ያለፉት መሆኑ አሳዘነኝ። ጥናት ይሠራል፣ አማካሪ ይመጣል፣ ወፍራም መጽሐፍ ይታተማል፣ ሞዴሉ ግን አማካሪው ላፕቶፕ ውስጥ ሆኖ ከአገር ይወጣል። ከሁለት ዓመት በኋላ አንድ ጥያቄ ሲነሳ የሚከፍተው ሰው የለም፤ እንደገና ጨረታ ይወጣል። እኔ ራሴ የሠራሁባቸውን የቆጠራ ቅጾች ውጤት በኋላ ለማየት ጠይቄ ሳላገኝ ቀርቻለሁ። የሚኒባስ ተራ አስከባሪው ደብተር ቢያንስ ነገም እዚያው መገናኛ አለ።

ስለዚህ አውቶቡስ ወይስ ሞዴል ከሚለው ክርክር ይልቅ ጸሐፊው አብረውኝ ቢጠይቁልኝ የምለው ይህን ነው። በአሜሪካ የፌዴራል ገንዘብ የወሰደ ትልቅ የትራንስፖርት ፕሮጀክት ሥራ ከጀመረ ሁለት ዓመት በኋላ ትንበያውን ከእውነተኛው ተሳፋሪ ጋር የሚያስተያይ ጥናት እንዲያቀርብ ይገደዳል። ከዊንጌት በሜክሲኮ አድርጎ ጀሞ እንዲደርስ የታቀደው የፈጣን አውቶቡስ መስመር ሥራ ከመጀመሩ በፊት አራት ቁጥሮች ለሕዝብ ይታተሙ፦ በቀን ስንት ሙሉ ጉዞ ይጠበቃል፣ አውቶቡሱ በየስንት ደቂቃው ይመጣል ተብሎ ታሰበ፣ ታሪፉ ስንት ሆኖ ተሰላ፣ ከተሳፋሪው ምን ያህሉ ዛሬ በእግሩ የሚሄድ ነው ተብሎ ተገመተ። ሞዴሉና የቆጠራው ሠንጠረዥ በከተማው እጅ፣ ማንም ተማሪ ሊከፍተው በሚችል መልክ ይቀመጥ። በሁለተኛው ዓመት እነዚሁ አራት ቁጥሮች እንደገና ይለኩ፣ በዚያው ገጽ ላይ ጎን ለጎን ይታተሙ።